የሺዓለምና ውሃ የማይጠጣው ማሽን

ነጠላውን መጀመሪያ አትነክረውም። ትዘረጋዋለች። ሁለቱን ጫፍ ይዛ ወደ ብርሃን ታነሳና ከጥለት እስከ ጥለት ትመረምረዋለች፤ የሻማ ጠብታ አለ? የጭቃ ፍንጣቂ? የከንፈር ቀለም? ሻማውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ፍቃ ታነሳለች። ጭቃውን አታሸውም፤ ርጥብ ጭቃ ሲታሽ ፈትሉ ውስጥ ይሰርጋል። ከጀርባው ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰች ራሱ እንዲወርድ ታደርገዋለች። ከዚያ ጥለቱን ከሳፋው ጠርዝ ውጭ አንጠልጥላ፣ ነጩን ብቻ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በመዳፏ ትደፍቃለች፣ ታነሳለች፣ እንደገና ትደፍቃለች። ጥለቱ የሚያገኘው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው፤ ያውም በመጨረሻ፣ ያውም በፍጥነት። ሦስት ጊዜ ታለቀልቃለች። ስትጨርስ አትጠመዝዘውም። ደረቅ ፎጣ ላይ አንጥፋ፣ ፎጣና ነጠላውን አብራ እንደ ምንጣፍ ትጠቀልልና በሁለት ጉልበቷ ትወጣበታለች። ፎጣው ውሃውን ሲጠጣ ፈትታ ዘርፉን በጣቶቿ ታበጥረዋለች። ይኸው አንድ ነጠላ። ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ጠዋት ከፊቷ የነበሩት ሠላሳ ሁለት ናቸው።

የሺዓለም ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ አምስት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ የሀገር ልብስ በእጅ ታጥባለች። ሥራውን የያዘችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ሲሆን፣ ጎረቤት ሽሮ እንደሚዋዋስ ሁሉ የፒያሳ ሰው የየሺዓለምን ስም ሲዋዋስ ኖሯል። «ነጠላሽን ማን አጠበልሽ?» «የሺ ናታ!» ማስታወቂያ ለጥፋ አታውቅም።

ማጠብ አስቸግሯት አያውቅም። ያስቸገራት ማድረቅ ነው። በጋ ሲሆን የግቢው ፀሐይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ገመዱ ላይ ይውል ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን በስተምሥራቅ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ቆመና ፀሐዩ ከስድስት ሰዓት በፊት ግቢው አይገባም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ነጠላ በክረምት ሁለት ቀን ከዋለ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ ጥለቱ ቀስ በቀስ ይለቅና አረንጓዴው ነጩ ላይ ይጋባል። ሁለተኛ ይታፈናል፤ ያንን የታፈነ ልብስ ሽታ ሳሙናም ሽቶም አይሸፍነውም።

አምና የሆነው ይኸው ነበር። የሰፈሩ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ነጠላቸውን ሁልጊዜ የሚያሳጥቡት እሷ ዘንድ ነው፤ አምና ለፍልሰታ ማርያም አጥባ አስረከበች፤ ልብሱ ሲነካ የደረቀ ይመስል ነበር። በበዓሉ ማግስት የመዘምራኑ ንብረት ኃላፊ ቃለጽድቅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላው፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ልጅ፣ በሩ ላይ መጣ።

«እትዬ የሺ፣ ትናንት ቤተ መቅደሱ በዕጣን ተሞልቶ ነበር።»

«ደግ ነዋ።»

«የእኛ ነጠላ ግን ዕጣኑን በለጠው።»

የሺዓለም አልተከራከረችም። አንዱን ነጠላ ተቀብላ አሸተተችና «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ቃለጽድቅ ለዘንድሮ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሞክር ነገራት። ካልሆነ ልብሱን ሰብስቦ ቦሌ ወዳለ ላውንደሪ ይወስደዋል። ነገሩ ሠላሳ ሁለት ነጠላ ብቻ አልነበረም። መዘምራኑ ከሄዱ እናቶቻቸውም ይሄዳሉ፤ እናቶቻቸው ከሄዱ የቀረው ፒያሳ ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም። ሠላሳ ሦስት ዓመት የቆመ ስም በአንድ ክረምት ሽታ ሊወድቅ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ማሽን ልትገዛ ወሰነች። ፀሐይን መለማመጥ በቃ አለች።

ማሽን መኖሩን የሰማችው ከአንዲት ደንበኛዋ ነው፤ «የቤት እርጥበት የሚያስተካክል ማሽን አለ» ብላታለች። የሺዓለም ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባችና ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣

«የእርጥበት ማሽን አላችሁ?» አለች።

«አለን እናቴ!» አለች ሻጯ፣ ፊቷ በርቶ። ነጭ፣ ክብ፣ ሕፃን ልጅ የሚያቅፈው የመሰለ፣ ሲያበሩት ሰማያዊ መብራት ያለው ዕቃ አወጣችላት። ካርቶኑ ላይ የውሃ ጠብታ ተስሏል። የሺዓለም ጠብታውን አይታ፣ ይሄ ነው አለች። ገዛች።

ቤት ስትደርስ መመሪያው «ውሃ ይሙሉበት» ይላል። ቆም አለች። ውሃ ሊያወጣ የተገዛ ዕቃ ውሃ ምን ያደርግለታል? እዚህ ላይ ሌላ ሰው ሱቅ ይመለስ ነበር። የሺዓለም ግን ግቢው ውስጥ ያለውን የውሃ ዲናሞ ሠላሳ ዓመት ስታስነሳ የኖረች ሴት ናት፤ ዲናሞ መጀመሪያ ካላጠጡት ውሃ አይስብም። ይሄም የዚያው ዘር ነው ብላ አሰበች። እስከ አፉ ሞላችለት። ለሙከራ ሁለት የራሷን ነጠላ ሰቅላ፣ መስኮቱን «አየር ይግባ» ብላ ከፍታ፣ አበራችው። ማሽኑ ፉፉ እያለ ነጭ ጭጋግ ይተፋ ጀመር።

«እየሠራ ነው» አለች ለጎረቤቷ ለረይሀና፣ በኩራት። «እርጥበቱን ሲያባርረው ይታያል።»

ረይሀና ግቢው ውስጥ ሃያ ዓመት አብራት የኖረች፣ ልብስ ሰፊ ናት። ጭጋጉን አየችው። «የሺዬ፣ ወዴት ነው የሚያባርረው? ወደኛ ነው እንዴ?»

በማግስቱ ግድግዳው ያልበዋል። ነጠላዎቹ ከገመድ ውሃ ያንጠባጥባሉ። የሺዓለም አሁን እንዳለ የሚባለውን ጠጋኝ ጠራች። እሱ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ፍሪጅ የሚጠግን፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሆነው የሠፈር ልጅ ነው። ገብቶ ማሽኑን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሳቁ ነው ያስቀመጠው።

«እትዬ የሺ፣ ሳፋ እያለዎት ሌላ ማጠቢያ ገዙ?»

«አንተ፣ ሳቅህን ጨርስና ንገረኝ።»

«ይሄ እኮ አየር ለሚደርቅበት አገር የተሠራ ነው። ውሃ ጠጥቶ ወደ አየር ይተፋል። እርስዎ የሚፈልጉት ግልባጩን ነው፤ ከአየር ጠጥቶ ወደ ባልዲ የሚተፋውን።»

«እኔ የእርጥበት ማሽን ነው ያልኩት!»

«እሷም የሰጠችዎት የእርጥበት ማሽን ነው። እርጥበት የሚጨምርም፣ እርጥበት የሚቀንስም በኛ አፍ ያው የእርጥበት ማሽን ነው። በፈረንጅ አፍ ግን አንዱ ሂውሚዲፋየር፣ ሌላው ዲሂውሚዲፋየር ነው። ፊት ላይ ያለችውን ‹ዲ› አይልቀቋት፤ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ነው።»

የሺዓለም ዕቃውን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ፣ እንዳለን አስከትላ ሱቅ ሄደች። አልጮኸችም። «ልጄ፣ አንቺም አልተሳሳትሽም፣ እኔም አልዋሸሁም፤ ቋንቋችን ነው ያሳሳተን፤ ‹ዲ› ያለበትን አምጪልኝ» አለች። ሻጯ ሳቀችና ሁለት ዓይነት አወጣች። አንዱ ትንሽ፣ ድምፅ የሌለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ሌላው ትልቅ፣ እንደ ትንሽ ፍሪጅ የቆመ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው።

«ትንሹ ያምራል» አለች ሻጯ፣ «ድምፅም የለው።»

«ያንሱት» አላት እንዳለ ለየሺዓለም። በአንድ እጇ አነሳችው። «አሁን ትልቁን።» በሁለት እጇም አቃታት።

«አያችሁ? ኮምፕረሰር፣ እንደ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ ክብደት አለው። የቀለለው ኮምፕረሰር የለውም፤ በቀን የሚያወጣው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። የቁም ሣጥን ይጠብቃል እንጂ ልብስ አያደርቅም።»

ከዚያ የሺዓለም ራሷ መጠየቅ ጀመረች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ሳሙና ስትመርጥ የተማረችው ነገር ቢኖር ካርቶን ላይ የተጻፈን ማመን እንደማያዋጣ ነው።

«በቀን ሃያ ሊትር ይላል። እውነት ነው?»

«ሠላሳ ዲግሪ ሙቀት ባለበት ክፍል ተለክቶ ነው» አለ እንዳለ። «እርስዎ ነሐሴ ላይ ፒያሳ ሠላሳ ዲግሪ አግኝተው ያውቃሉ?»

«ትኩሳት ሲይዘኝ ብቻ።»

«እንግዲያው ግማሹን ይቁጠሩ። ብርዱ ከጠና ከግማሽም ያነሰ።»

የሺዓለም በልቧ አሰላች። ፎጣ ከጠጣው በኋላ አንድ ነጠላ ሦስት መቶ ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ይህን አንድ ቀን ርጥቡንና ደረቁን በሚዛን መዝና አውቃዋለች። ሠላሳ ሁለት ነጠላ ማለት ወደ አሥር ሊትር ነው። ማሽኑ በቀን አሥር ሊትር ካወጣ፣ በሁለት ዙር፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ወስዶ ያልቃል። ትልቁን ያዘች። ከመክፈሏ በፊት ሦስት ነገር አየች፦ ውሃው በሣጥኑ ብቻ ሳይሆን በቱቦ ወደ ባልዲ መውጣት እንደሚችል፣ የክፍሉን እርጥበት በቁጥር የሚያሳይ መስኮት እንዳለው፣ የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ ያለ መፍቻ በእጅ ወጥቶ እንደሚታጠብ። ፊልትሮው ላይ ብዙ ቆየች። የፈትል ልብስ ብናኙ ብዙ ነው፤ ፊልትሮው ከታፈነ ማሽኑም ይታፈናል።

ቤት ሲደርስ እንዳለ ወዲያው እንዳታበራው ከለከላት። ታክሲ ላይ ተኝቶ ስለመጣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እስኪመለስ ግማሽ ቀን ቆሞ መዋል ነበረበት። እስከዚያ ክፍሉን አዘጋጁ። ዕቃ ቤት የነበረች፣ ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል ናት። የመስኮቱን ክፍተት በፕላስቲክ ሸፈኑ፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ደፈኑ።

«አየር ካልገባ እንዴት ይደርቃል?» አለች የሺዓለም። ይሄ ብቻ አልዋጥ ብሏት ነበር።

«መስኮቱ ክፍት ከሆነ ማሽኑ የእርስዎን ልብስ ሳይሆን የአዲስ አበባን ሰማይ ነው የሚያደርቀው» አለ እንዳለ። «ታክሲ ውስጥ ነፋስ ይመታናል ብለን መስኮት አስዘግተን የምንሄድ ሕዝብ አይደለንም እንዴ? ያንን ጠባይ እዚህ ያምጡት። በሕይወታችን የጠቀመን አሁን ነው።»

ደግሞ አስረዳት። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያልበዋል። ላቡ ከጠርሙሱ ውስጥ አልወጣም፤ ከአየሩ ነው። ማሽኑም አየሩን ስቦ ቀዝቃዛ ብረት ላይ እንዲያልበው ያደርጋል፣ ላቡን ባልዲ ውስጥ ያወርዳል፣ አየሩን ሞቅ አድርጎ ይመልሳል። የሺዓለም ይህን ከሰማች በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። ሥራውን እንደ ሥራዋ ያዘችው። በሐምሌ ውስጥ የራሷንና የረይሀናን ልብስ እየሰቀለች ሞከረች። በነጠላና በነጠላ መካከል አንድ መዳፍ መራራቅ እንዳለበት፣ ትንሽ ቬንቲሌተር ከገመዱ ሥር ሲቆም ሰዓቱ በሢሶ እንደሚያጥር፣ ፊልትሮው በየሁለት ቀኑ መታጠብ እንዳለበት አወቀች። ባልዲው ውስጥ የሚወርደው ውሃ ጥርት ያለ ስለሆነ አንድ የግቢው ሹፌር ለመኪናው ባትሪ ሊቀዳ ሲመጣ፣ እንዳለ «ብናኝ አለበት፣ ወለል ነው የሚጸዳበት» ብሎ መለሰው።

ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ በደብረ ታቦር ዕለት፣ መዘምራኑ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመው ሲዘምሩ ዝናቡ እዚያው አገኛቸው። ማምሻውን ቃለጽድቅ ሠላሳ ሁለቱን ነጠላ በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት አሸክሞ መጣ።

«ለአሥራ ስድስት ጠዋት ነው የሚለበሰው። አሥራ አምስት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። እትዬ የሺ፣ የአምናው…»

«የአምናውን አንተም አልረሳህ፣ እኔም አልረሳሁ። ሂድ።»

አሥራ አራት ጠዋት አሥራ ስድስቱን አጥባ አራት ሰዓት ላይ ሰቀለች። ማሽኑ ላይ ያለው የእርጥበት ቁጥር ሰማንያ ሦስት ነበር። በስድስት ሰዓት ስልሳ ስድስት ሆነ። በሰባት ሰዓት መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ዝም ሲል ግቢው ሁሉ የሰማ መሰለ። ረይሀና ከመስፊያዋ ተነስታ መጣች። «በሩን ክፈቺው፣ ይተንፍስ!»

«አልከፍትም። የደረቀው አየር ውስጥ ነው፤ ከከፈትኩት የግቢው እርጥበት ይገባል።»

ስምንት ሰዓት ላይ ደመናው ተሰንጥቆ ፀሐይ ወጣ። ገመዱ ላይ እንደ ድሮው ፈሰሰ። የግቢው ሰው ሁሉ ልብሱን ይዞ ወጣ። ረይሀና የራሷን አንሶላ እየሰቀለች ጮኸች፦ «የሺ! እንቢ ያልሽው ፀሐይ ደጅ ቆሟል! አሁንም ማሽንሽን ልትጠብቂ ነው?»

እጇ ወደ በሩ ሄደ፤ ይህን አልደበቀችም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ፀሐይ ሲወጣ የሮጠ እጅ ነው። ግን የነሐሴን ፀሐይም ታውቀዋለች። በሩን አልከፈተችም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በረዶ ቆርቆሮውን ደበደበው፤ ረይሀና አንሶላዋን በራሷ ላይ ተከናንባ እየሳቀችና እየተራገመች ገባች። አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። የሺዓለም ወዲያው አላበራችም፤ አምስት ደቂቃ ጠበቀች፣ ኮምፕረሰር መደንገጥ እንደማይወድ ተምራለች። ከዚያ አበራችው።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዳለ ወደ ሥራው ሲያልፍ ገባ። ቁጥሩ አርባ ስምንት ይላል። አንዱን ነጠላ በጣቶቹ ዳሰሰ።

«ደርቋል። ያውርዱት።»

«አልደረቀም።»

«ቁጥሩ አርባ ስምንት ነው እኮ!»

«ቁጥሩ የክፍሉን ነው የሚያወራው» አለች። «አንተ ፍሪጅ ታውቃለህ፤ እኔ ነጠላ አውቃለሁ። ስሙ ነጠላ ነው፣ ጨርቁ ግን ድርብ ነው። ሁለት ነው። ውጪው ደርቆ ውስጡ ይዋሻል። አምና ያዋረደኝ እሱ ነው።»

በጎኑ በኩል ሁለቱን ድርብ ፈልቅቃ፣ በእጇ አልነካችውም፤ እጇ ውሃ የለመደ ስለሆነ እርጥበት አይለይም። ጉንጯን አስገባችበት። ቀዝቃዛ ነበር። እንዳለም ጎንበስ ብሎ ጉንጩን አስነካ።

«እውነትም» አለ፣ ቀና ብሎ። «እትዬ የሺ፣ ፋራው እኔ ነኝ ለካ።»

ቬንቲሌተሩን አዙራ ነፋሱ በጎን በኩል በሁለቱ ድርብ መካከል እንዲገባ አደረገች። ሁለት ሰዓት ወሰደ። ሁለት ሰዓት ላይ ጉንጯ መድረቁን ነገራት። አሥራ ስድስቱን አውርዳ አጠፈች። ለሁለተኛው ዙር አሥር ሰዓት ቀራት፤ ከታሰበው ሁለት ሰዓት ያነሰ። ይህ አሳሰባት እንጂ አላስደነገጣትም።

የሁለተኛውን ዙር ግማሽ ማታ አጥባ በፎጣ ጠቅልላ ነበር፤ ያንን ሰቀለች። የቀረውን ልትጨርስ ከረጢቱን ስትደፋው፣ ከሌሎቹ መሐል ሦስት ፌስታሎች ወጡ። ቋጠሮአቸው እንደጠበቀ ነው። አንዱን ፈታች። ሽታው ከነጠላው በፊት ወጣ። ነጠላውን ዘርግታ ወደ ብርሃን አነሳችው፤ በታጠፈበት መሥመር ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ እንደ ተረጨ ጥቁር አዝሙድ። ሻጋታ ነው። ሌሎቹ ሁለትም እንደዚያው። ይህ ማሽን የሚያወጣው አይደለም። ማሽን ውሃ ያወጣል፤ ፈትል ውስጥ የበቀለ ሻጋታን አያወጣም።

እዚህ ላይ የሺዓለም ሁለት መንገድ ነበራት። አጥባ፣ በበረኪና አንጥታ፣ ዝም ብላ ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል። በረኪናው ግን ጥለቱን ይበላል፣ ሽታውም ከዕጣን ጋር ሲገናኝ ይመለሳል፤ ያኔ ሠላሳ ሁለቱም ሸተቱ ይባላል። ሁለተኛው መንገድ ቃለጽድቅን መጥራት ነው። ልጁ ሊቆጣና ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል። ስልኳን አነሳች።

ቃለጽድቅ ኤደን ከምትባል ዘማሪት ጋር መጣ። የሺዓለም ሦስቱን ፌስታል ባንኮኒ ላይ እንደሚደረደር ዕቃ ደርድራ ጠበቀችው።

«እነዚህን አላጥባቸውም። ሻግተው ነው የመጡት።»

ቃለጽድቅ ፌስታሉን ሳይነካ አያት። «አምና ክረምቱ ነው አሉኝ። ዘንድሮ ደግሞ ፌስታሉ ነው?»

«አምና ጥፋቱ የኔ ነው ብዬሃለሁ፤ ክረምት አላልኩህም። የዛሬው ግን የኔ አይደለም።» ወደ ውስጥ ገብታ ከታጠፉት አሥራ ስድስት አንዱን አምጥታ ደረቱ ላይ ጣለችበት። «አሽትት። ከላይ ሳይሆን መሐሉን ፈልቅቀህ።»

ልጁ ፈለቀቀና አፍንጫውን አስገባ። ሌላኛውን ጎን ገልብጦ ደግሞ አሸተተ። የሳሙና ሽታ ብቻ ነበር። የተናገረችው ኤደን ናት።

«ያ ሐምራዊ ፌስታል የኔ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ የጓደኞቼ ናቸው» አለች፣ መሬት እያየች። «ነሐሴ ሰባት ዝናብ መታኝና… ቋጥሬ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ትናንት ወዲያ ደረቁን የእህቴን ለብሼ፣ ይሄኛው ግን ይታጠብ ብዬ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት።»

«ስድስት ቀን አስረሽው?» አለ ቃለጽድቅ። «እስር ቤት እንኳ ፀሐይ ያስወጣል እኮ ኤዱ!»

የሺዓለም ሳቀች፤ ኤደንም ሳትወድ ሳቀች። ቃለጽድቅ ሦስቱን ፌስታል ሰበሰበና «የቀሩትን ይቀጥሉ፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ» አለ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞረ። «እትዬ የሺ፣ ባይጠሩኝስ ኖሮ?»

«ነገ ዕጣኑ ይነግርህ ነበር።»

ሦስቱ በመቀነሳቸው ገመዱ ላይ ቦታ ሰፋ፣ አየሩ በደንብ ዞረ፣ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሠራ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አሥራ ሦስቱንም በጉንጯ አለፈችባቸው። ደረቅ። ካውያ አሳርፋ አጠፈቻቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቃለጽድቅ መጣ፤ ሃያ ዘጠኙን እያንዳንዱን በጎን ፈልቅቆ አሸተተ፣ አንዱንም አልዘለለም፤ እሷም አላስቸኮለችውም። ጥለቱን አየ፤ የተጋባ ቀለም የለም። ሲጨርስ «ለመስቀልም እናመጣለን» አለና ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ የሺዓለምም አልጠበቀችም። «ለመስቀልም» ማለቱ በቂ ነው።

ፍልሰታ ማርያም ዕለት ሃያ ዘጠኝ ሰው በየሺዓለም ነጭ ቆመ። ኤደንና ሁለቱ ጓደኞቿ ተውሰው ለብሰው ከኋላ ረድፍ ነበሩ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ እናቶች ልብስ ይዘው ሲመጡ መሐሉን ፈልቅቀው ያሸትታሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ማሽኑን ለማየት ብቻ ይመጣሉ። የሺዓለም አታባርራቸውም። ማሽን ልግዛ ለሚላት የምትነግረው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አንስታችሁ ክብደቱን ሞክሩ፣ የካርቶኑን ቁጥር ለሁለት አካፍሉ፣ መስኮታችሁን ዝጉ።

ይህን ለሚያነብ ደግሞ ከማሽኑ ይልቅ የምትለምነው ሌላ ነገር አላት፤ በራሷ ቃል እነሆ፦

«ዝናብ የመታውን ነጠላ በፌስታል አትቋጥሩብኝ። በእናታችሁ። ለዚያች ሌሊት እንኳ ቢሆን ወንበር ላይም፣ በር ላይም፣ አልጋ ራስጌ ላይም ዘርግታችሁት እደሩ፤ መሐሉን ፈልቅቃችሁ። ርጥብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን፣ ሰም ቢሆን አምጡልኝ፣ እኔ አለሁ። ታስሮ የሻገተውን ግን እኔም አልችለው፣ ማሽኑም አይችለው። በፌስታል ይዛችሁ የምትመጡም ካላችሁ፣ አፉን ክፍት አድርጉልኝ።»